ወንዙ ሐይቅ የሚገባበት ቦታ

እድላዊት ባል አለሽ ወይ ተብላ ስትጠየቅ «አለኝ» ነበር የምትለው። የት ነው ሲሏት «ሲያትል» ትላለች፤ ወሬውም እዚያው ላይ ያበቃል። ሚኔሶታ፣ ሜፕልዉድ ውስጥ የሚያውቋት ሐበሾች የቀረውን አይጠይቋትም፤ ያውቁታላ! ባሏ ንዋይ ለሥራ ብሎ ወደ ሲያትል እንደሄደ በዚያው ቀርቷል። ሌላ ሴት ይዞ ልጆች ወልዷል። በሕግም ከተፋቱ ቆይተዋል። እሷ ግን ጉለሌ፣ እናቷ ክርስትና ባስነሳቻት ቤተ ክርስቲያን፣ ካባ ለብሳና ቆርባ ነው ያገባችው።

«እሱ ቃሉን በላ ብዬ እኔም የኔን ልብላ?» ትላለች።

ይህን ስትል አታለቅስም፤ ሰውም እንዲያዝንላት አትፈልግም። ሥራዋ ሮቢንስዴል በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ሽማግሌዎቹን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች፤ ከሁሉም ጋር ትቀልዳለች። አጠር ያለች፣ ፈጣን፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት ናት። በዓመት በዓል ቀን ሌሎቹ ሠራተኞች ልጆች ስላሏቸው ሥራ መግባት ሲከብዳቸው፣ የእነሱን ሺፍት የምትሸፍነው እሷ ነበረች።

ዋቁማን ያገኘችው መጦሪያው በር ላይ ነው። ዋቁማ በሽተኞችንና አረጋውያንን ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። አንድ ሰኞ ጠዋት እድላዊት በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ አንዲት አሮጊት ገፍታ ወጣችና የቫኑ በር ሲከፈት ሽታው መለሳት።

«ወንድም፣ እዚህ ውስጥ ምን ሞቶ ነው?»

«ዓሣ ነው እኅቴ፣ ይቅርታ። ትናንት ኦፍ ነበርኩ፤ ሱፒሪየር ሐይቅ ድረስ ድራይቭ አድርጌ ስመለስ ጃኬቴን እዚህ ረሳሁት።»

«ዓሣ ሱቅ ሞልቶ የለ እንዴ? ለዓሣ ብሎ ሰው ይህን ያህል መንገድ ይሄዳል?»

«የሱቅ ዓሣ አይታገልም።»

አሮጊቷ የሚያወሩት ቋንቋ ባይገባትም ሽታው ገብቷታል። አፍንጫዋን በመያዝ ፈንታ ወደ ቫኑ ሳብ አድርጋ አሸተተችና በእንግሊዝኛ «ትራውት ነው?» አለችው። ዋቁማ በደስታ ጮኸ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አሮጊቷና ሹፌሩ ወዳጅ ሆኑ። እድላዊትም ወንበሩን እየገፋች ባወጣች ቁጥር ሳትፈልግ ስለ ዓሣ መስማት ጀመረች።

ዋቁማ የዲንሾ ሰው ነው፤ ከባሌ። የሱ አገር ወንዞች ቀዝቃዛ ናቸው፤ ፈረንጆች ድሮ ከኬንያ አምጥተው የለቀቁት ትራውት ዛሬም አለባቸው። አባቱ ያን ዓሣ ለሚያጠምዱ እንግዶች መንገድ ይመራ ነበር። ሚኔሶታ ሲመጣ ማንም ሐበሻ ስለማያውቀው ዓሣ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ተገኘ። ይህንን ሲያወራ ድምፁ ይሞቃል፤ እጁ በአየር ላይ የዓሣ ልክ ይሠራል።

«አንድ ቀን እንሂድ» አላት በሚያዝያ።

እድላዊት ብቻዋን እሺ አላለችም። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ በርበሬና የሐበሻ ልብስ የምትሸጠውን ጓደኛዋን ሎሚን ይዛ ሄደች። ሎሚ ብርድ ትፈራለች፤ ዱሉት ከተማን አልፈው ከመኪናው ሲወርዱ ነፋሱ ፊቷን መታትና ተመልሳ ገባች። «እኔ ከዚህ ሆኜ እጸልይላችኋለሁ» አለችና ሙቀቱን ከፍታ ተኛች።

እድላዊት ሐይቅ ሲሏት ቢሾፍቱን ነበር ያሰበችው። ይህኛው ግን ማዶ የለውም። ባሕር ነው የሚመስለው። ትንሿ ወንዝ በጥድ ዛፎቹ መሀል እየተንደረደረች ትመጣና ጠጠሩ ላይ ተዘርግታ ሐይቁ ውስጥ ትገባለች። ዋቁማ እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ አለበሳት፤ ለሱ ልክ የሆነው እሷን እስከ አገጯ ሸፈናት። ሁለቱም ሳቁ።

ድንጋይ ላይ ቆማ የማጥመጃውን ዘንግ እንዴት እንደምትወረውር ሲያሳያት፣ እግሯ ሥር ደረቅ የነበረው ጠጠር ቀስ ብሎ በውሃ ሲሸፈን አየች። ነፋሱ ቆሟል፤ ማዕበል የለም። ውሃው ግን ዝም ብሎ ከፍ አለ፤ ቁርጭምጭሚቷን አለፈ፤ ወደ ወንዙም ገባ። ደንግጣ ክንዱን ያዘችው።

«ምንድነው ይሄ?»

«አትፍሪ። በዚያ ማዶ ነፋስ ሲገፋው እዚህ ይሞላል። ነፋሱ ሲተወው ይመለሳል። በሳህን ውሃ ይዘሽ ስትሄዲ ወዲያና ወዲህ እንደሚለው ማለት ነው። ባሕር ላይ በጨረቃ ነው ይላሉ፤ እዚህ ግን በነፋስ ነው። ሲሞላ ዓሣው ወደ ወንዙ ይገባል። አሁን ጣይው!»

ጣለችው። ሦስቴ ድንጋይ ያዘባት፤ አንዴ የዋቁማን ኮፍያ አነሳች። ከዚያ ክሩ ከእጇ ሊያመልጥ እስኪደርስ ተሳበ። እድላዊት እሪ አለች። መኪናው ውስጥ ያለችው ሎሚ ሰው የሰመጠ መስሏት በካልሲ ወጣች። ዓሣው ከውሃው ዘለለ፤ እንደ ብር ያበራል፤ ጎኑ ላይ ፈዘዝ ያለ ሮዝ መስመር አለው። ዋቁማ በመረብ አነሳላት። ሁዳዴ ነበርና እድላዊት አትበላውም፤ በሁለት እጇ ይዛ ውሃው ውስጥ ስትለቀው ዓሣው ለትንሽ ጊዜ መዳፏ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ሄደ። ቀና ስትል ዋቁማ እሷን ነበር የሚያየው።

ከዚያ በኋላ በየፀደዩና በየመከሩ ይሄዱ ነበር። ሎሚ ሁለተኛ አልመጣችም። መንገዱ ረጅም ነው፤ ሲሄዱ ዋቁማ መዝሙር ይከፍታል፤ እሱ ጴንጤ ነው። ሲመለሱ የእሷ ተራ ነውና እሷ የበገና ትከፍታለች። ማንም ማንንም አይሰብክም። ነዳጅ ማደያ ቆመው አንድ ትልቅ የድንች ጥብስ ገዝተው ይካፈላሉ። እድላዊት ዘንግ ገዛች፤ የራሷ የጎማ ሱሪም ገዛች፤ ክር መቋጠርን ከሱ በላይ ቻለች። ክረምት ሲሆን በረዶው ቀልጦ ውሃው የሚከፈትበትን ጊዜ እንደ በዓል መጠበቅ ጀመረች። የምትጠብቀው ውሃውን ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። ግን ለራሷም ቢሆን በቃል አላወጣችውም።

በአንድ የመስከረም ቅዳሜ ዓሣ እምቢ አለና ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳቦ በሉ። ዋቁማ ፍርፋሪውን ከጉልበቱ ላይ አራገፈና፦

«እድል፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አላት።

«ዘንጌን አውሺኝ ካላልክ ጠይቅ።»

አልሳቀም። «ሰው ስለኔና ስላንቺ ምን እንደሚያወራ ታውቂያለሽ?»

«ያውራ። እኛ ራሳችንን እናውቃለን።»

«የሚያወሩት እውነት ቢሆን እኔ ደስ ይለኛል።»

እድላዊት የያዘችውን ዳቦ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ ያወጣችው ግን ሌላ ነው።

«ዋቁ፣ እኔ ባል አለኝ።»

«የታለ?» አለ ዋቁማ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገራት ያኔ ብቻ ነው። «ሲያትል ሌላ ሚስት ያለው ሰውዬ ነው ባልሽ?»

«ቆርቤ ነው ያገባሁት። ከሞት በቀር አይለየንም ብያለሁ። ያልኩት ለንዋይ መስሎህ ነው? ለእግዚአብሔር ነው ያልኩት።»

«እግዚአብሔርን እኔም አውቀዋለሁ። ሰው ጥሎሽ ሄዶ ዕድሜሽን ብቻሽን ጨርሺ የሚል አይመስለኝም።»

«አንተ እንደገባህ ነው፤ እኔም እንደገባኝ።»

«እሺ፤ ትወጂኛለሽ ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝና ሁለተኛ አላነሳውም።»

እድላዊት ተነስታ ወደ ውሃው ሄደች። «ክርህን ድንጋይ ይዞታል፤ ና ፍታው» አለችው፤ ጀርባዋን እንደሰጠችው።

በመንገዱ ማንም መዝሙር አልከፈተም። እድላዊት ሰውነቷን ወደ መስኮቱ አዙራ የተኛች መሰለች። ግን በሳምንቱ ዋቁማ ደወለና «ቅዳሜ ውሃው ጥሩ ነው ይላሉ» አላት፤ ሄዱ። እንደ ቃሉም ሁለተኛ አላነሳውም። እሷ ግን ለንስሐ አባቷ ነገረች። ባሏ ስላመነዘረ በሥርዓቱ መሠረት ጋብቻው እንዲፈታ ነገሩን የሚያይ የቤተ ክርስቲያን አካል እንዳለ፣ ጊዜ እንደሚወስድ፣ ሌላ እምነት ያለውን ሰው ማግባት ግን የባሰ እንደሚከብድ በእርጋታ አስረዷት። እድላዊት መስቀል ተሳልማ ወጣችና ነገሩን ዘጋችው። ዘጋሁት አለች እንጂ፣ አልተዘጋም። ሌሎች ሁለት ፀደዮችና ሁለት መከሮች እንዲያው አለፉ።

በጥር፣ ብርዱ አፍንጫ በሚቆርጥበት ወቅት፣ ዋቁማ አንድ ሽማግሌ መልሶ አምጥቶ ከቫኑ ካወረደ በኋላ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ።

«እናቴ ደክማለች» አላት። «የልጅህን ፊት ሳላይ አትቅበረኝ ትለኛለች። ዘመዶቼ የማገባትን ልጅ አይተውልኛል። ኢብሲቱ ትባላለች፤ ጎባ አስተማሪ ናት። በስልክ ብዙ ጊዜ አወራን። ጥሩ ሰው ናት እድል። በሚያዝያ ሄጄ ላገባ ነው።»

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችው።

ዋቁማ ወዲያው አልሄደም። ከአፉ የሚወጣው እንፋሎት ፊቱን ይሸፍነዋል። «የምትይኝ ነገር የለም?»

«ምን ልበልህ ዋቁ? መልካም ነው። ግባ፣ ብርድ ነው።»

ሽማግሌውን ወደ ክፍሉ አስገባች። ጢሙን ላጨችው። ፊቱን ጠርጋ፣ ብርድ ልብሱን አስተካክላ ወጣችና ፎጣና አንሶላ የሚቀመጥበት ትንሽ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ንጹሕ ፎጣ አንስታ ነክሳ ያዘች። ድምፅ እንዳይወጣ ነው። ሲበቃት ፎጣውን የቆሸሸው ልብስ ውስጥ ከታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ኢብሲቱ ሚኔሶታ የገባችው በዓመቱ፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ ነው። ዋቁማ ለእድላዊት ደውሎ «የክረምት ልብስ የሚያውቅላት ሰው የለም» አላት። እድላዊት ሜፕልዉድ ያለው የገበያ ማዕከል ይዛት ሄደች። ኢብሲቱ ረጅም፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ሁሉን ነገር በደንብ የምታይ ልጅ ናት። እድላዊት ልትጠላት ሞክራ ነበር፤ አልቻለችም። ኢብሲቱ ጃኬት እየለካች፦

«እትዬ እድል፣ ዋቁ ስላንቺ ብዙ ነግሮኛል» አለቻት። «አሜሪካ ውስጥ ያለችኝ እኅቴ እሷ ናት ብሎኛል።»

«እውነቱን ነው» አለች እድላዊት፤ ዚፑን እስከ አንገቷ ዘጋችላት።

ውሃው ሲከፈት ሦስት ሆነው ሄዱ። ኢብሲቱ ዘንግ መወርወር ሲያቅታት ዋቁማ ትዕግሥት አጣ፤ ያስተማረቻት እድላዊት ነች። ከኋላዋ ቆማ፣ ክንዷን ይዛ፣ «አትቸኩይ፤ ጠብቂ፤ አሁን ልቀቂው» እያለች። ኢብሲቱ የመጀመሪያ ዓሣዋን ስትይዝ ወደ ባሏ ሮጠች፤ ሁለቱ ውሃ ውስጥ ተቃቅፈው ሳቁ። መረቡን የያዘችው እድላዊት ነበረች፤ ዓሣውንም ያወጣችው እሷ ናት።

በነሐሴ፣ እድላዊት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ስልኳ ጮኸ። ደጀኔ ነበር፤ የንዋይ ታላቅ ወንድም፣ ከአዲስ አበባ። ለዓመታት ተደዋውለው አያውቁም።

«እድልዬ፣ የት ነሽ? ቤት ነሽ?»

«ደጃፍ ላይ ነኝ። ምነው ጋሼ ደጀኔ?»

«ንዋይ... ንዋይ አረፈ እኮ። ልቡ ነው አሉ። ሥራ ቦታ ወድቆ ነው ያገኙት። አንቺ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው።»

እድላዊት ያለችበት ቁጭ አለች። መጀመሪያ ትዝ ያላት ንዋይ በሠርጋቸው ቀን ካባው ከብዶት ላቡ በግንባሩ ሲወርድና በዓይኑ ሲጠቅሳት ነው። ለዚያ ልጅ አለቀሰች። ከዚያ ሌላ ነገር ገባትና ልቅሶዋ ተለወጠ።

ጥቁር ለበሰች። ሰዎች ለቅሶ ሊደርሱ መጡ፤ አንዳንዶቹ እርስ በርስ «ለጣላት ሰው!» እያሉ ተንሾካሾኩ። ሎሚ ሰማቻቸውና ከነሱ ጋር ጓዳ ውስጥ ተጣላች። ሰዉ ሲሄድ ከጎኗ ተቀመጠች።

«እንዲህ የምታለቅሺው ለማን ነው? ለንዋይ ነው እንዳትይኝ፣ አላምንሽም።»

እድላዊት የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ ጫነች።

«ዋቁማ ካገባ እኮ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልሆነውም» አለች ሎሚ ቀስ ብላ፤ ከዚያ እሷም ማልቀስ ጀመረች።

የንስሐ አባቷ መጥተው ጸሎት አደረጉ። ሲነሱ መስቀሉን አሳልመዋት፦ «እንግዲህ ልጄ፣ ከማሰሪያሽ ተፈትተሻል። ቃልሽን ጠብቀሻል። ከእንግዲህ የሚሆንሽን ሰው እግዚአብሔር ያምጣልሽ» አሏት። በደግነት ነው ያሉት። እድላዊት «አሜን» አለች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ሸኘቻቸው።

ዋቁማና ኢብሲቱ በማግስቱ መጡ። ኢብሲቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷ ወጥቷል። እድላዊትን አቅፋ ከልቧ አለቀሰች፤ የማታውቀውን ሰው እያነሳች «ምስኪን፣ ምስኪን» ትላለች። ዋቁማ በሩ አጠገብ ወንበር ይዞ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ተቀመጠ። ሊሄዱ ሲነሱ ኢብሲቱ ቀድማ ወጣች፤ እሱ በሩ ላይ ዘገየ።

«መቼ ነው ያረፈው?»

«ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ» አለ ዋቁማ። «እድል፣ ያኔ... ጠብቀኝ ብትይኝ ኖሮ፣ እስከዛሬም ቢሆን እጠብቅ ነበር።»

«ምን ብዬ?» አለችው፤ ድምፅዋ ሹክሹክታ ነው። «ሰውየው እስኪሞትልን ጠብቀኝ ልበልህ? እንደዚያ ተብሎ ይጠበቃል? የሁለት ልጆች አባት እኮ ነው።»

ዋቁማ አንገቱን ደፋ።

«ያን ጊዜ ጠይቄሽ ያልመለስሽልኝን...»

«እሱን ተወው። ሚስትህ ደረጃው ላይ ቆማለች፤ ሆዷ ከብዷታል፤ እጇን ይዘህ አውርዳት።»

በሩን ስትዘጋ የእግራቸውን ኮቴ ሰማች። የዋቁማ ቀስ ያለ ነው፤ እየደገፋት ነበር።

ከዚያ ወዲህ መጦሪያው በር ላይ የሚመጣውን ቫን የሚነዳው ሌላ ሹፌር ነው። ዋቁማ መሥመሩን አስቀይሯል። ኢብሲቱ በኅዳር ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ እድላዊት ገንፎ ሠርታ አራስ ጠየቀች፤ ልጁን ታቅፋ፣ «እደግ» ብላ መርቃ ወጣች። ኢብሲቱ በየጊዜው ትደውልላታለች። «ለምን ጠፋሽ? ቅዳሜ ልንሄድ ነው፤ ልጁን ለሰው ትተን» ትላታለች። እድላዊት ሁልጊዜ ሺፍት አለባት።

በሚያዝያ ከትንሣኤ በኋላ በአንድ ረቡዕ ብቻዋን ሄደች። ረቡዕን የመረጠችው እነሱ ቅዳሜ ስለሚሄዱ ነው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕም ጾም የለምና ዓሣ መብላት ትችላለች። ወንዙ በቀለጠ በረዶ ሞልቶ ቡናማ ሆኗል። ከሰዓታት በኋላ ትልቅ ዓሣ ያዘች፤ ከያዘቻቸው ሁሉ ትልቁ። ወደ ሐይቁ ወስዶ ወደ ወንዙ መለሳት፤ ክንዷ ዛለ። ዳር ሲደርስ መረቡን የሚይዝላት ሰው የለም። ዘንጉን በአንድ እጅ፣ መረቡን በሌላው ይዛ ሞከረች፤ አልሆነም። በመጨረሻ ወደኋላ እየተራመደች ጠጠሩ ላይ ጎትታ አወጣችው። ከጅራቱ በላይ ያለችው ትንሽ ክንፍ፣ ሰው አርብቶ ሲለቀው ለምልክት የተቆረጠች ናት፤ እንዲህ ያለውን ይዞ መሄድ ይፈቀዳል። ከጎኑ ተንበርክካ፣ እጇ በዓሣው ላይ እንዳለ፣ ያን ጊዜ ፎጣ ነክሳ የያዘችውን ልቅሶ ሁሉ አወጣችው። ጮኻ ነው ያለቀሰችው። የሚሰማት አልነበረም፤ ሐይቁም ይጮኻል።

በማግስቱ ግማሹን ዓሣ በፌስታል ጠቅልላ ሎሚ ሱቅ ወሰደች። ሎሚ ከፍታ አየችና «በስመ አብ! ይሄ ጥጃ ነው እንጂ ዓሣ ነው? ከማን ጋር ሄደሽ ነው?» አለች።

«ብቻዬን።»

«ብቻሽን? ያን ሁሉ ውሃ አትፈሪም?»

«ውሃው አያስፈራም» አለች እድላዊት። «መመለሱ ነው የሚከብደኝ። መኪናው ውስጥ ዝም ሲል። መዝሙር ከፈትኩ፣ ዘጋሁት፤ በገና ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። ዝም ብዬ ነዳሁ።»

ሎሚ ዓሣውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተች። ከባንኮኒው ኋላ ያለውን ወንበር ጎትታ ሰጠቻት፤ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍም «ዝግ ነው» ወደሚለው አዞረችው።